«መድኃኒት» ብለን ስለምንረጨው ነገር



ለአንድ ዓመታዊ በዓል ስንዘጋጅ የቤተ ክርስቲያናችን ግቢ በአረም ተውጦ ነበርና፣ ከማሳጨድ ይልቅ ከገበያ የአረም ማጥፊያ ገዝተን አስረጨን። የረጨው ወጣት ጓንትም ጫማም አልነበረውም። ግቢው በጥቂት ቀናት ውስጥ ደርቆ ጸዳ። ከበዓሉ በኋላ ግን፣ ከአጥራችን ሥር ለላሟ ሣር የምታጭድ አንዲት እናት መጥታ፣ «አባ፣ ይሄ ሣር ለከብት ይሆናል?» ስትል ጠየቀችን። መልስ አልነበረንም፤ በዕቃው ላይ የተጻፈውን እንኳ አላነበብንም ነበርና።

ጥያቄው ትንሽ ቢመስልም የሕሊና ጥያቄ ነው። በገዛ ግቢያችን፣ በገዛ ገንዘባችን፣ ለዓይን እንዲያምር ብለን የምናደርገው ነገር የእኛ ብቻ ጉዳይ ነውን?

ፀረ ተባይን ሁሉ በአንድነት ለመኮነን አንነሣም። በቴፒና በበበቃ ቆላማ ቦታዎች ወባን ለመከላከል በቤት ግድግዳ ላይ የሚደረገው ርጭት ሕይወትን ያድናል። በቆሎዋን አረም ሊውጥባት የደረሰ፣ ጉልበትም የቀን ሠራተኛ መቅጠሪያ ገንዘብም የሌላት እናት መርጫ ብታነሣ፣ ፈራጆች አንሆንባትም። የቤተ ክርስቲያን የሥነ ምግባር ትምህርት፣ ጉዳት ሊያስከትል የሚችል ሥራ ተመጣጣኝ ምክንያት እንዲኖረው ይጠይቃል። ሕይወትን ማዳንና እንጀራን ማግኘት ምክንያት ናቸው። በማጭድ ሊሠራ የሚችለውን በመርዝ መጨረስ ግን በዚያ ሚዛን ላይ ሲቀመጥ እጅግ ይቀላል።

ይህንኑ ልዩነት በሕግ የጻፈች አንዲት ትንሽ ከተማ አለች። በካናዳ፣ በኩቤክ ክፍለ ሀገር የምትገኘው ሀድሰን፣ ሣርን ለማሳመር ብቻ ፀረ ተባይ መርጨትን እ.ኤ.አ. በ1991 ከለከለች፤ ለገበሬዎች ግን መንገድ ተወችላቸው። ጁን አይርዊን የተባሉ የቆዳ ሐኪም ለዓመታት በከተማው ምክር ቤት ስብሰባ እየተገኙ ስለ ጉዳዩ ተናግረው ነበር። የሣር እንክብካቤ ድርጅቶች ከተማይቱን ቢከሱም፣ የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2001 ለእርሷ ፈረደ።

«ይህ የካናዳ ነገር ነው፤ እኛ ለጌጥ የምናሳድገው ሣር የለንም» የሚል ይኖር ይሆናል። እውነት ነው፤ የእኛ ሣር ግን ከዚያ ይልቅ ለሰው ይቀርባል። በበዓል ቀን ቤት ውስጥ እንጎዘጉዘዋለን፤ ቡና በሚፈላበት ዙሪያ ሕፃናት ይቀመጡበታል፤ የቀረውን ላም ትበላዋለች። ንብም ከአረሙ አበባ ትቀስማለች። ዝናባችንም ብዙ ነው፤ ከግቢያችን የሚያጥበውን ወደ ጎረቤት ምንጭ ያወርደዋል።

መርዝ ከረጨው ሰው አልፎ ሌላውን እንደሚጎዳ ቡናችን ራሱ አስተምሮናል። እ.ኤ.አ. በ2008 ጃፓን ከኢትዮጵያ በገባ ቡና ላይ ከተፈቀደው መጠን በላይ የፀረ ተባይ ቅሪት በማግኘቷ፣ ወደዚያ የሚላከው ቡና እጅግ ቀነሰ። ጥርጣሬው የወደቀው በገበሬው ማሳ ላይ ሳይሆን ቡናው በተጫነበት ጆንያ ላይ ነበር። ዕዳው ግን ላልረጨው ሰው ተረፈ።

በቋንቋችን ይህን ዕቃ «መድኃኒት» እንለዋለን። ጌታችንን «መድኃኔ ዓለም» ብለን በምንጠራበት ቃል መርዙንም እንጠራዋለን ማለት ነው። ስሙ ስላዘናጋን ባዶውን ጀሪካን አጥበን ውኃ እንቀዳበታለን፤ ልጁንም «መድኃኒት ርጭ» ብለን እንልከዋለን። «መርዝ ርጭ» ብንለው ኖሮ እናቱም እኛም ቆም ብለን ባሰብን ነበር።

በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22፣ አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ማንም ከጣራው ወድቆ እንዳይሞት ዙሪያውን መከታ እንዲያደርግ ታዟል። ቤቱ የራሱ ነው፤ ማንንም ሊጎዳ አላሰበም። ሕጉ ግን አስቀድሞ ሊያስብበት ይገባው ስለነበረው አደጋ ይጠይቀዋል። ስለሆነም «አላሰብኩትም» ማለት ብቻውን ነጻ አያወጣም። ነፍሰ ኄር ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስም እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጡት «ላውዳቶ ሲ» በተባለው መልእክታቸው፣ የተባይና የአረም ማጥፊያዎችን ምድርን ከሚበክሉና የሰውን ጤና ከሚጎዱ ነገሮች ጋር ቆጥረዋቸዋል። በሀገራችንም በ2002 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 674 ያልተመዘገበ ፀረ ተባይ እንዳይሸጥ ከልክሏል። ይሁን እንጂ ሕግ የሚጠብቀው ገበያውን ነው፤ ከግቢያችን በር ወዲህ ያለውን የሚጠብቀው ሕሊናችን ነው።

ስለዚህ በየቁምስናው ለበዓል ግቢ የሚጸዳው በማጭድና በደቦ ይሁን። በእርሻው ላይ መርጨት ግድ የሆነበት ሰው ጓንትና ጫማ ያድርግ፤ ሕፃን አይላክ፤ ባዶው ዕቃም የውኃ መቅጃ አይሁን። እናንተ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ደግሞ፣ ማንበብ ለማይችሉ ጎረቤቶቻችሁ በዕቃው ላይ የተጻፈውን አንብቡላቸው፤ ይህም የፍቅር ሥራ ነው።

ያችን እናት በዚያ ዓመት ከአጥራችን ሥር እንዳታጭድ ለመንናት። በተከታዩ በዓል ዋዜማ ግን ከጎረቤቶቿ ጋር ማጭድ ይዛ መጣች። ግቢው ጸዳ፤ ላሟም በላች።