ማብሪያዋ ምን ታውቃለች?

መኪና የሚነዳ ሰው ፍሬን ሲረግጥ የኋላ መብራቱ ይብራ አይብራ አያይም። ከኋላው የሚመጣው ያያል፤ እሱ ግን ዳሽቦርዱ ላይ ያለችው ማስጠንቀቂያ ካልበራች ሁሉም ደህና ነው ብሎ ይነዳል። ማስጠንቀቂያዋ ከየት አውቃ ነው? ጥያቄው የመካኒክ ይመስላል፤ እኔ ግን የምስክርነት ጥያቄ ሆኖ ነው ያገኘሁት።

ነገሩን ጠረጴዛዬ ላይ ሠርቼ ለማየት ፈለግሁ። ባለ 12 ቮልት ባትሪ፣ ባለ 21 ዋት የፍሬን አምፖል፣ ሞተር የሚጠቀለልበት ዓይነት የመዳብ ሽቦ፣ ከዚያ ሪድ ስዊች የምትባለው የማግኔት ማብሪያ። ይህችን ማብሪያ እ.ኤ.አ. በ1936 የፈለሰፋት በአሜሪካ የቤል ስልክ ቤተ ሙከራ የሚሠራው ዋልተር ኤልውድ ነው። ትንሽ የመስታወት ቱቦ ናት፤ ውስጧ ሁለት ስስ የብረትና የኒኬል ምላሶች ሳይነካኩ ጫፍ ለጫፍ ተደራርበዋል። ማግኔት ሲቀርባቸው ተሳስበው ይጋጠማሉ። የመጀመሪያዋን እግሯን ሳጥፍ ሰበርኳት፤ ለካ እግሩ መስታወቱ ሥር በፒንሳ ካልተያዘ ጉልበቱ ሁሉ የሚያርፈው መስታወቱ ላይ ነው።

በሁለተኛዋ ዙሪያ ሽቦውን 20 ጊዜ ጠቀለልኩና ወደ አምፖሉ የሚሄደው ኮረንቲ በዚያ እንዲያልፍ አደረግሁ። 21 ዋት ለ12 ቮልት ሲካፈል 1.75 አምፔር ነው፤ በ20 ዙር ሲባዛ 35 አምፔር ዙር ይሆናል። ይህ ለብዙዎቹ ማብሪያዎች ይበቃል። ባትሪውን ሳገናኝ ከመስታወቱ ውስጥ ቀጭን ጠቅታ ተሰማ፤ በምላሶቹ በኩል ያያያዝኳት ጠቋሚ መብራትም በራች።

እንግዲህ ማብሪያዋ ምን አየች? ብርሃን አላየችም። ኮረንቲውም አልደረሰባትም፤ በመካከላቸው የሽቦው ቀለምና መስታወቱ አሉ። የደረሳት ኮረንቲው በዙሪያው የሚያሳድረው የማግኔት ኃይል ብቻ ነው፤ የፊዚክስ ሊቁ ኧርስቴድ እ.ኤ.አ. በ1820 ኮፐንሃገን ውስጥ የኮምፓስ መርፌ ሲያዘነብል ያስተዋለው ያው ኃይል። ጢስ አይቶ እሳት አለ እንደሚል ሰው ናት። «ዓይንስ ቢሆን ብርሃን ካልደረሰው ምን ያውቃል?» የሚል ይኖራል፤ እውነቱን ነው። በተዘዋዋሪ ማወቅ ነውር የለበትም። ነውሩ ጢሱ ከሌላ ቦታም ሊመጣ መቻሉ ነው። ባትሪውን ነቅዬ የአሮጌ ስፒከር ማግኔት ባስጠጋባት ያችው ጠቅታ ተደገመች፤ ኮረንቲ ሳይኖር «አለ» አለችኝ።

ከዚህ የባሰ የሚያስገርም ጠባይ አላት። ለመጋጠም ለምሳሌ 26 አምፔር ዙር የምትፈልግ ማብሪያ፣ አንዴ ከተጋጠመች እስከ 14 ድረስ ሳትላቀቅ ልትቆይ ትችላለች። በእኔ ጥቅልል 1 አምፔር ማለት 20 አምፔር ዙር ነው። ኮረንቲው ከዜሮ ተነሥቶ 1 አምፔር ሲደርስ «የለም» ትላለች፤ ከ1.75 ወርዶ እዚያው ሲደርስ «አለ» ትላለች። ኮረንቲው አንድ፣ መልሱ ሁለት! የቱ ነው ውሸቱ? ሁለቱም አይደለም። የምትመልሰው የአሁኑን ብቻ ሳይሆን ያለፈውንም ይዛ ነው። ባለሙያዎች ይህን ጠባይ አይጠሉትም፤ ባይኖር ኖሮ ድንበሩ ላይ ምላሶቹ ሲንቀጠቀጡ ይውሉ ነበር።

ወደ ሹፌራችን ልመለስ። በአንዳንድ መኪኖች የግራና የቀኝ አምፖል ሽቦዎች በአንዲት ማብሪያ ላይ በተቃራኒ አቅጣጫ ይጠቀለላሉ። ሁለቱም ሲበሩ ኃይላቸው ይጣፋል፤ ማብሪያዋም ዝም ትላለች። አንዱ ሲቃጠል የሌላው ኃይል ብቻውን ይቀርና ማስጠንቀቂያዋ ትበራለች። ብልሃቱ ደስ ይላል። ሁለቱም ቢቃጠሉስ? አሁንም ዝም ትላለች። እኛ «ደህና ናቸው» ብለን የምንሰማው ዝምታ፣ እሷ ዘንድ «እኩል ናቸው» ማለት ብቻ ነው።

ስለዚህ ዛሬ ማታ መኪናዎን ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥተው ያቁሙና ፍሬን ይርገጡ። ቀዩ ብርሃን ግድግዳው ላይ ሲያርፍ በስፖኪዮ ይታያል።