ሞተሩ ከተነሣ በኋላ
(ስለ ትዕግሥትና ስለ ግዴታ)

ሰው መታገሥ ግድ ስለሆነበት ሲታገሥ ታጋሽ ይባላልን? ይህ በፍልስፍና ክፍል ውስጥ ተነሥቶ እዚያው የሚቀር ደረቅ ጥያቄ የሚመስለው ሰው አይጠፋም። እኛ ግን ጥያቄውን ከጥቁር ሰሌዳው ላይ አንሥተን ወደ አንድ ጋራዥ ልንወስደው እንፈልጋለን። በጋራዡ ውስጥ ሌሊቱን በብርድ ያደረች አንዲት መኪና ቆማለች። ለፍጥነት የተሠራች፣ ቤንዚንዋንም በካርቡሬተር የምትጠጣ የድሮ መኪና ናት። እርሷን በማለዳ ለማስነሣት የሚደረገው ሥርዐት፣ በእኛ አስተያየት፣ ስለ ትዕግሥት ከብዙ ምክር የበለጠ ያስተምራል።

«እናንተ ደግሞ! ከመካከላችሁ እንዲህ ያለ መኪና ያለው ማን ነውና?» የሚለን ወዳጅ እንደሚኖር እናውቃለን። ማንም የለም። ነገር ግን ስለ መኪና ለማሰብ ሊብሬ አይጠየቅም።

በመጀመሪያ ብርድ ሞተርን ምን እንደሚያደርገው እንመልከት። ቤንዚን ፈሳሽ ሳለ አይነድም፤ የሚነደው ተንኖ ከአየር ጋር ሲቀላቀል ነው። ሞተሩ ሞቆ ሳለ ለ1 ኪሎ ቤንዚን 14.7 ኪሎ ያህል አየር ከደረሰው ቃጠሎው የተሟላ ይሆናል። በብርድ ጊዜ ግን ከቤንዚኑ ውስጥ የሚተንነው ቀላሉ ክፍል ብቻ ሲሆን፣ የቀረው በአየር ማስገቢያው ቱቦ ግድግዳ ላይ እንደ ጤዛ ይለጠፋል። ስለዚህ ሞተሩ ጥቂቱን እንዲጠቀም ብዙ መስጠት የግድ ነው። ዘይቱም በብርድ ስለሚወፍር በቀጫጭኑ መተላለፊያ ቶሎ አያልፍም። የአሉሚኒየም ፒስተን ደግሞ በሙቀት ከብረቱ ሲሊንደር ሁለት እጥፍ ያህል የሚሰፋ በመሆኑ፣ ሁለቱ በልካቸው የሚገጥሙት ሲሞቁ ነው። በአጭሩ፣ ቀዝቃዛ ሞተር ገና ራሱን ያልሆነ ሞተር ነው ማለት ይቻላል።

ለምሳሌ ያህል የኢጣልያኖቹን ላምቦርጊኒ ሚዩራ እንውሰድ። ፌሩቾ ላምቦርጊኒ መጀመሪያ ትራክተር ሠሪ ነበር። በ1963 (ዘመኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) በቦሎኛ አቅራቢያ በሳንታጋታ የመኪና ፋብሪካ አቋቋመ፤ ሚዩራ በ1966 በጄኔቫ የመኪና ትርኢት ላይ ለሕዝብ ታየች። ባለ 12 ሲሊንደሩ 3.9 ሊትር ሞተር ከነጂው ጀርባ በአግድም ተቀምጦ 350 ያህል የፈረስ ጉልበት ይሰጣል። የሚመግቡት አራት የዌበር ካርቡሬተሮች ናቸው፤ እያንዳንዳቸው ሦስት ሦስት ጉሮሮ ስላላቸው ለአሥራ ሁለቱ ሲሊንደሮች አሥራ ሁለት ጉሮሮ ይደርሳቸዋል። ኤዶአርዶ ዌበር ይህን የካርቡሬተር ሥራ የጀመረው እዚያው ቦሎኛ ውስጥ በ1923 ነው። አገሩ የፖ ወንዝ ሜዳ ነው፤ በታኅሣሥና በጥር ጉምና ውርጭ አይለየውም።

እንግዲህ እንዲህ ያለችውን መኪና በእንደዚያ ባለ ማለዳ ማስነሣት ምን ይመስላል? ቁልፉ መጀመሪያ ሞተሩን ሳያዞር ኤሌክትሪኩን ብቻ እንዲያበራ ይደረጋል። ኤሌክትሪክ የቤንዚን ፖምፓ ካላት ቲክ ቲክ ሲል ይሰማል። መኪናዋ ለሳምንታት ቆማ ከሆነ በካርቡሬተሮቹ ጽዋዎች ውስጥ የነበረው ቤንዚን ተንኗልና፣ ጽዋዎቹ ሞልተው ድምፁ እስኪዘገይ ይጠበቃል። ከዚያ በኋላ ነዳጅ መስጫው ሦስት አራት ጊዜ እስከ ወለሉ ይረገጣል። በእያንዳንዱ ርግጫ በካርቡሬተሩ ውስጥ ያለችው ትንሽ ፖምፓ በየጉሮሮው ቀጭን የቤንዚን ጅረት ትረጫለች። ስንት ጊዜ ይረገጥ? እንደ ብርዱ ነው፤ እንደ መኪናዋም አመል ነው። ካነሰ አትነሣም። ከበዛ ካንዴላዎቹ በቤንዚን ይርሳሉ፤ የዚያን ጊዜ ነዳጅ መስጫውን እስከ ወለሉ ረግጦ ሳያነሡ ይዞ፣ አየር በብዛት እንዲገባና እርጥበቱን እንዲጠርገው ሞተሪኖውን ማዞር ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይሄ አይደለም እንዴ?

ሁሉም መኪና በአንድ መንገድ አይነሣም። በ1961 የወጣችው የእንግሊዞቹ ጃጓር ኢ-ታይፕ፣ ሦስት የኤስ.ዩ. ካርቡሬተሮች ያሏት፣ ከነጂው ፊት የቾክ ማንሻ አላት። ነጂው ማንሻውን ሲያንቀሳቅሰው በካርቡሬተሮቹ ውስጥ ያለው የቤንዚን ቀዳዳ ከመርፌው ወደ ታች ይርቅና ቤንዚን በብዛት ያሳልፋል። ሞተሩ እየሞቀ ሲሄድ ማንሻውን በጥቂት በጥቂቱ መመለስ ደግሞ የነጂው ፈንታ ነው።

በመጨረሻ ሞተሩ ይነሣል። ሲሊንደሮቹ ግን ሁሉም በአንድ ጊዜ አይነቁም፤ አንዳንዶቹ ቀድመው ይይዛሉ፣ ሌሎቹ ያስላሉ፣ አንዱም ወደ ኋላ በካርቡሬተሩ በኩል ይተፋል። ነጂው በእግሩ ጫፍ ደግፎ እንዳይጠፋበት ያባብለዋል። ጥቂት ቈይቶ ሁሉም ድምፃቸውን ያስተካክላሉ።

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። እስከዚህ ድረስ የተደረገው ሁሉ ትዕግሥት ነውን? አይመስለንም። ነጂው የጠበቀው ካልጠበቀ መኪናዋ ስለማትነሣ ነው። ካንት በ1785 ባሳተመው የግብረ ገብ መጽሐፉ ደንበኞቹን የማያታልል ነጋዴ ምሳሌ አለ። ነጋዴው የማያታልለው ገበያው እንዳይበላሽበት ከሆነ ሥራው ትክክል ነው፤ ነገር ግን ሥራው ከግዴታ ጋር ገጠመ እንጂ ከግዴታ ስሜት የመነጨ አይደለም። የእኛም ነጂ እስከ አሁን እንደዚያ ነጋዴ ነው። ብርዱ አስገድዶታል፤ በቃ።

ነገሩ የሚለወጠው ሞተሩ ከተነሣ በኋላ ነው። አሁን የሚያስገድደው ነገር የለም። መንገዱ ባዶ ነው፣ 350 ፈረሶች ከጀርባው ቆመዋል፣ መኪናዋም ብትረገጥ ትሄዳለች። ዘይቱ ግን ገና ቀዝቃዛ ነው። በአብዛኞቹ ሚዩራዎች ደግሞ ያው አንዱ ዘይት ሞተሩንም ማርሹንም የሚያለሰልስ ስለሆነ በዘይቱ ላይ የሚደርሰው ሁሉ ለሁለቱም ይተርፋል። በዚህ ሰዓት ቢረግጣት ምን ይሆናል? ዛሬ ምንም አይሆንም። ነገም ምንም አይሆንም። ጉዳቱ እንደ ፀጉር የቀጠነ ጭረት ሆኖ በሲሊንደሩ ግድግዳና በመሽከርከሪያዎቹ ላይ ይጻፋል። የሚነበበው ከዓመታት በኋላ ነው፤ ያን ጊዜም መኪናዋ ምናልባት በሌላ ሰው እጅ ትሆናለች።

እንግዲህ እውነተኛው ትዕግሥት የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው እንላለን። ጥፋቱ አይታይም፣ ምስክር የለም፣ ቅጣቱም ሌላ ሰው ላይ ይወድቃል። ነጂውን የሚገታው ዕውቀቱ ብቻ ነው፤ ማለትም ከጆሮው በስተጀርባ የሚጮኸው ብረት በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ ማወቁና ያወቀውንም አለመካዱ።

እዚህ ላይ አንድ ስሕተት እንዳይገባብን ያስፈልጋል። መታገሥ ማለት ሞተሩን አስነሥቶ ግማሽ ሰዓት ቆሞ ማስጮህ የሚመስላቸው አሉ። ይህም ራሱ ጉዳት ነው። በቆመበት የሚዞር ሞተር ቶሎ አይሞቅም፤ የተትረፈረፈው ቤንዚን ከሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ዘይቱን እያጠበ ወደ ታች ወርዶ ዘይቱን ያቀጥነዋል። የሚመከረው የዘይቱ ግፊት እስኪረጋና ሞተሩ ያለ ድጋፍ እስኪዞር ጥቂት ጠብቆ፣ ከዚያ በዝቅተኛ ዙር፣ ሳይጫኑት፣ ቀስ ብሎ መንዳት ነው። ደግሞም የውሃው ሙቀት መለኪያ ሊያታልል ይችላል፤ ውሃው ቀድሞ ይሞቃል፣ ዘይቱ ዘግይቶ ይከተላል። የውሃው መርፌ ቦታዋን ያዘች ብሎ የሚረግጥ ሰው ላዩን አይቶ ስለ ጥልቁ የፈረደ ሰው ነው። ስለዚህ ትዕግሥት መቆም አይደለም፤ በሚገባው ልክ መሄድ ነው።

ለመሆኑ ግዴታው ለማን ነው? ለብረት ግዴታ አለብን ልንል ነው? ባለቤቱ «የራሴ ንብረት ነው፣ ብሰብረውስ ማን አገባው?» ሊል ይችላል። ሕግ ምናልባት ይፈቅድለት ይሆናል። ነገር ግን ሚዩራ እስከ 1973 ድረስ የተሠራችው ከ800 በማይበልጥ ቍጥር ነው። በእያንዳንዷ ውስጥ የቀጥቃጩ፣ የሞራጁና የገጣጣሚው እጅ አለ። ገንዘብ የሚገዛው ቁልፉን ነው፤ የእነዚህን ሰዎች ድካም በሦስት ደቂቃ ጥድፊያ የማባከን ሥልጣን ግን አብሮ የተሸጠ አይመስለንም። አማርኛችን ለዚህ «አደራ» የሚል ቃል አለው። ንብረት ማለት የያዙት ነገር ነው፤ አደራ ማለት ደግሞ ለሌላ ሰው እስኪያስተላልፉት የያዙት ነገር ነው። የረዥም ዕድሜ ያለው ዕቃ ሁሉ ደግሞ፣ ባለቤቱ ወደደም ጠላም፣ በመጨረሻ አደራ ነው።

ይህ የባለጠጋ ጨዋታ ብቻ እንዳይመስል ወደ አገራችን እንምጣ። አዲስ አበባን ለብዙ ዓመታት ያገለገሉት ሰማያዊና ነጭ የላዳ ታክሲዎች የፊያት 124 ዝርያ ናቸው፤ ካርቡሬተራቸውም በዌበር ፈቃድ በሶቪየት ኅብረት የተሠራ ነበር። ስለዚህ ሚዩራና ላዳ በጉሮሯቸው በኩል ዘመዳሞች ናቸው። ከተማችንም ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ያለች በመሆኗ አየሯ ስስ ነው፤ ለባሕር ጠረፍ የተስተካከለ ካርቡሬተር እዚህ ሲመጣ ከአየሩ ጋር ሲነጻጸር ቤንዚን ያበዛል። ስለዚህ በብርድ ማለዳ ቾክ ስቦ የሚያስነሣ ሰው መጠኑን በጆሮው መፈለግ ነበረበት። አሁን ደግሞ የሰው መኪና በዕለት ሒሳብ የሚነዳ ሹፌር ገምቱ። ተሳፋሪ ይጠብቀዋል፣ ደቂቃዋ ገንዘብ ናት፣ ሞተሩ ቢበላ የሚከፍለው ባለንብረቱ ነው። ይህ ሰው ቀስ ብሎ ከወጣ፣ ከሚዩራው ባለቤት ይልቅ የእርሱ ትዕግሥት ይበልጣል እንላለን፤ ምክንያቱም ዋጋ ከፍሎበታል።

የታሪኩ አቅጣጫ ደግሞ ያሳስበናል። በ1912 ካዲላክ በቻርልስ ኬተሪንግ የተነደፈውን ኤሌክትሪክ ማስነሻ እስካወጣ ድረስ ሞተር የሚነሣው በእጅ መዘውር ነበር፤ መዘውሩ ወደ ኋላ ሲመታ ክንድ ይሰብር ነበር። ከዚያ በኋላ በራሱ የሚሠራ ቾክ መጣ። በ1976 በጭሱ ውስጥ የቀረውን ኦክስጅን የሚለካው መሣሪያ ተጨመረ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ላይ የአውሮፓ የጭስ ሕግ ሲጠብቅ ካርቡሬተር ከአዳዲስ መኪኖች ላይ ጠፋ። አሁን ኮምፒዩተር ብርዱን ለክቶ ቤንዚኑን ይመጥናል፤ ሰውየው አንዲት ቁልፍ ይጫናል። በዚህ አናዝንም። ያ የማለዳ ሥርዐት ጎረቤትን በጥሬ ቤንዚን ጭስ የሚያጥን ነበርና፣ የእኛ ትዕግሥት ትምህርት ቤት በሌላው ሰው ሳንባ ላይ ይሠራ ማለት አንችልም።

ነገር ግን አንድ ነገር ልብ እንበል። በዚህ ሁሉ ዘመን እያጠረ የመጣው የመጀመሪያው ክፍል፣ ማለትም የግዳጁ ክፍል ነው። ሁለተኛው ክፍል አልተወገደም። ዛሬም ዘይት በብርድ ይወፍራል፤ ዛሬም ፒስተን ሲሞቅ ይሰፋል። በ1998 የወጣው የቢ.ኤም.ደብሊው ኤም5 በዙር መለኪያው ዳር የሚበሩ መብራቶች አሉት፤ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ የተፈቀደውን ዙር ዝቅ አድርገው ያሳያሉ፣ ሲሞቅም አንድ በአንድ ይጠፋሉ። መሐንዲሶቹ ይህን ያስገቡት ነጂው ከእንግዲህ በራሱ እንደማያውቅ ስለተረዱ ይመስለናል።

አሪስቶትል ሰው ግንበኛ የሚሆነው በመገንባት ነው፣ በጎም የሚሆነው በጎ በመሥራት ነው ይላል። ይህ እውነት ከሆነ፣ አስገዳጁ የመጀመሪያ ክፍል በጎነት ባይሆንም የበጎነት መምህር ነበር። ቾክ ስቦ፣ ፖምፓ አዳምጦ፣ ሲሊንደሮቹ አንድ በአንድ ሲነቁ የሰማ እግር ከዚያ በኋላ ባለው ነፃ ደቂቃ ውስጥ ለመርገጥ ያፍራል። በአንዲት ቁልፍ ያስነሣው ግን ከምን ያፍራል? ብርዱን አላገኘውማ!

እንግዲህ የእኛ መልስ ይህ ነው። ተገዶ የታገሠ ሰው ገና ታጋሽ አይደለም፤ መታገሥን ግን ተምሯል። ግዳጁ ሲቀር ትምህርቱም አብሮ ይቀራል፤ ግዴታው ግን እንዳለ ይቈያል። መሣሪያዎቻችን መጠበቅን እያስቀሩልን በሄዱ ቍጥር፣ መጠበቅ የሚገባን ቦታ የት እንደሆነ በራሳችን ፈልገን የማግኘት ሸክም ይከብድብናል እንጂ አይቀልልንም። ይህን ሸክም ያለ ብርድና ያለ ካርቡሬተር ሊያስተምረን የሚችል ሌላ መምህር ማን ነው? ከዚህ የተለየ ሐሳብ ያላችሁ ጓደኞች በሚቀጥለው እትም እንድትሞግቱን እንጠይቃለን።