የትምህርት ቤት ማዕድ፦ ምጽዋት ወይስ ፍትሕ?

ለተራበ ተማሪ የሚቀርበው ምግብ ሰጪው በፈቃዱ የሚዘረጋው ምጽዋት ነው ወይስ ልጁ የሚገባው ድርሻ የሚለው ጥያቄ፣ ምግቡ ከማን ማሳ ይምጣ ከሚለው ጥያቄ ተነጥሎ መልስ አያገኝም። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 19 ባለ እርሻው የማሳውን ዳርቻ አጥርቶ እንዳያጭድ፣ ቃርሚያውንም እንዳይለቅም የታዘዘው፣ ያ ድርሻ ለድሃውና ለመጻተኛው የተለየ በመሆኑ ነው። በእስልምናም ዘካ፣ ማለትም ከሀብት ላይ ለተቸገሩ የሚወጣው ግዴታ፣ መጠኑ ከሞላ ሰብል ሲከፈል በዝናብ ከበቀለው አንድ አሥረኛ፣ በሰው ድካም ከጠጣው ደግሞ አንድ ሃያኛ ነው። ሁለቱም ሥርዓቶች የችግረኛውን እንጀራ በባለጸጋው ርኅራኄ ላይ ብቻ አልጣሉትም።

ይሁን እንጂ የሚገባ ድርሻም ተቀባዩን አሸማቅቆ ሊሰጥ ይችላል። በመጽሐፈ ሩት ባለ እርሻው ቦዔዝ አጫጆቹን ከነዶው ዛላ እየመዘዙ ለመጻተኛዋ ሩት እንዲተዉላትና እንዳይገሥጿት ያዘዘው፣ እርሷ ሳትዋረድ በገዛ እጇ ቃርማ እንድትበላ ነው። በ12ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው አይሁዳዊ ሊቅ ሙሴ ማይሞኒደስም ምጽዋትን በ8 ደረጃዎች ሲከፍል፣ ከሁሉ በላይ ያስቀመጠው ችግረኛውን በብድር፣ በሽርክና ወይም በሥራ ደግፎ ከእጅ ጠባቂነት የሚያወጣውን ነው።

የትምህርት ቤት ምገባ ወደዚህ ደረጃ የሚደርሰው ከአካባቢው ገበሬ ሲሸምት ነው። ብራዚል እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣችው ሕግ፣ የፌዴራሉ መንግሥት ለተማሪዎች ምገባ ከሚመድበው ገንዘብ ቢያንስ 30 በመቶው ከቤተሰብ እርሻዎች ለሚገዛ ምርት እንዲውል ደንግጋ ነበር። በኢትዮጵያም በዓለም ምግብ ፕሮግራም ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ2012 በቀድሞው ደቡብ ክልል በተጀመረው ምገባ፣ በቆሎና ቦሎቄ ከገበሬዎች የኅብረት ሥራ ዩኒየኖች ይገዛ ነበር። እንዲህ ባለው አሠራር እህሉን ያመረተው ገበሬ ልጁ ሲመገብ ተመጽዋች ሳይሆን ሻጭ ነው፤ መንገዱም አጭር ስለሚሆን ጠዋት ከጓሮ የተቀነጠሰ ጎመን ሳይጠወልግ ለምሳ ሊደርስ ይችላል።

ከሩቅ የሚጫን እህል በዋጋ ሊረክስ ይችላል፤ ዝናብ ባጠረበት ዓመት ደግሞ ሌላ አማራጭ ላይኖር ይችላል፤ ልጅን ለመርሕ ሲባል ማስራብም ከማናቸውም ስህተት የከፋ ነው። ስለዚህ ቅርበት የግዴታ ቅደም ተከተል እንጂ ወሰን አይደለም። ሆኖም ማሳው ባፈራ ዘመን የጎረቤትን ምርት አልፎ ርካሹን ብቻ የሚመርጥ አስተዳደር፣ የልጁን ሆድ ሞልቶ ያንኑ ልጅ የሚያሳድገውን ቤት ያራቁታል፤ ፍትሕ ግን ሁለቱን በአንድ ማዕድ እንዲያስብ ይጠይቀዋል።