ፊቱን የሸፈነ ፈራጅ

በአማርኛችን «ፊት ነሳው» የሚል አነጋገር አለ። ሰውን አለመቀበል፣ እንደሌለ መቁጠር ማለት ነው። እንግዲህ ፊቱን በጭምብል ሸፍኖ በሌላው ላይ የሚፈርድ ሰው፣ ዓላማው መልካም ቢሆን እንኳ፣ ሥራው ትክክል ነውን? ለዚህ ጥያቄ ምሳሌአችንን ብዙዎች ከሚንቁት የልብ ወለድ ዘርፍ እንወስዳለን።

እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ዓመታት በአሜሪካ፣ በርካሽ ወረቀት የሚታተሙ የልብ ወለድ መጽሔቶች በብዛት ይነበቡ ነበር፤ የብዙዎቹም ዋጋ 10 የአሜሪካ ሳንቲም ነበር። ጊዜው የታላቁ የኢኮኖሚ ቀውስ ዘመን ነው፤ ሥራ ጠፍቶ፣ በታላላቅ ከተሞች የወንበዴ ቡድኖች በርትተው ነበር። በሕግ ያጣውን ፍትሕ በልብ ወለድ ያገኘ አንባቢ ቢጽናና አያስደንቅም። ጭምብል ለባሹ ወንጀል አዳኝም ይህን ጥማት አረካ።

ከእነዚህ ገጸ ባሕርያት ሁለቱ በ1939 ለአንባቢ ቀረቡ። አንደኛው «ብላክ ባት» የተባለው ዐቃቤ ሕግ ቶኒ ኩዊን ነው። በፍርድ ቤት አሲድ ተረጭቶበት ዓይኖቹ ጠፉ፤ በዙሪያቸውም ፊቱ ተበላሸ። ኋላ ግን በጥይት የተመታ አንድ ፖሊስ ሊሞት ሲል ዓይኖቹን ስለ ሰጠው፣ በድብቅ በተደረገ ቀዶ ሕክምና ማየት ቻለ። ቀን ዕውር መስሎ ይኖራል፤ ሌሊት ጭምብል አጥልቆ ወንጀለኞችን ያድናል። ሁለተኛው «አቬንጀር»፣ ማለትም ተበቃዩ፣ የተባለው ሪቻርድ ቤንሰን ነው። ሚስቱንና ልጁን ወንጀለኞች ባጠፉበት ጊዜ፣ ከሐዘኑ ብርታት ፊቱ ነጥቶ ደነዘዘ፤ ደስታንም ሆነ ሐዘንን የማይገልጽ ሆነ።

በእነዚህ ታሪኮች ውስጥ ልናመሰግነው የሚገባ ነገር አለ። በብዙ ተረት የተበላሸ ፊት የክፉ ሰው ምልክት ነው፤ እዚህ ግን ፊቱ የተጎዳው ሰው የተበደሉት ጠበቃ ነው። የቤንሰን ረዳቶችም በአብዛኛው ወንጀል ያቆሰላቸው ናቸው። ከእነርሱም መካከል ጆሽና ሮዛቤል ኒውተን የተባሉ፣ በኮሌጅ የተማሩ ጥቁር ባልና ሚስት አሉ። ወንጀለኞችን ለማታለል ምንም የማያውቁ አገልጋዮች ይመስላሉ፤ ሰዎችም በቀለማቸው ብቻ ስለሚገምቷቸው ያምናሉ። ይህን ጭምብል አስቀድሞ የሠራላቸው የሰው ንቀት ነው።

ይሁን እንጂ መቁሰል የመፍረድ ሥልጣን አይሰጥም። በ1933 የጀመረው «ስፓይደር» ወንጀለኞችን ገድሎ በግንባራቸው ላይ የሸረሪት ምልክት ያትማል፤ ከሳሽም፣ ዳኛም፣ ገዳይም እርሱ ብቻውን ነው። ቤንሰን በገዛ እጁ መግደልን ይጸየፋል፤ ነገር ግን ወንጀለኞቹ በራሳቸው ወጥመድ እንዲጠፉ መንገዱን ያመቻቻል። እጄ አልነካም ያለ ሁሉ ኅሊናው ንጹሕ ነውን? አይመስለንም።

ምናልባት «ደካማ ሰው ኃይለኛውን ፈርቶ ቢሸሸግስ?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ለሕይወቱ ፈርቶ ስሙን የሚሸሽግ ምስክር ቃሉን ለሚመረምር ዳኛ ያስረክባል፤ ፍርዱን ለራሱ አያስቀርም። ጭምብል ለባሹ ግን ቢሳሳት የሚጠይቀው የለም፤ ያለ በደሉ የተቀጣውም «ለምን?» ብሎ የሚሟገተው ፊት አያገኝም። ፊት ነሳው ማለት ይህ ነው።

ይህ ነገር የልብ ወለድ ብቻ አይደለም። ስም ሳይጻፍበት የሚላክ የክስ ደብዳቤ፣ «ሰዎች እንዲህ ይላሉ» ተብሎ በማኅበር መካከል የሚዘራ ወሬ፣ እነዚህም ጭምብሎች ናቸው። ብዙውን ጊዜ የሚያጠልቃቸውም በእውነት የተበደለ ሰው ነው፤ ስለዚህም ራሱን እንደ ጻድቅ ይቆጥራል። እኛም ብንሆን ከዚህ ፈተና ነፃ አይደለንም።

ስለዚህ ልጆቻችን ጭምብል ለባሹን ጀግና ሲያደንቁ አንከልክላቸው፤ የተጎዳ ፊትን ማክበር ከእርሱ ይማሩ። ከዚያም «ይህ ሰው ቢሳሳት ማን ይጠይቀዋል?» ብለን እንጠይቃቸው። ጥያቄውን ለእነርሱ ከማቅረባችን በፊት ግን፣ በወንድማችን ላይ ልንናገር ያሰብነውን ቃል ፊት ለፊቱ ቆመን፣ ስማችንን ሰጥተን ልንናገረው እንደምንችል እያንዳንዳችን ራሳችንን እንመርምር።