ምክር፣ ሙከራ፣ መከራ

«ምከረው ምከረው፤ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» የሚባለው ተናጋሪው ከደከመ በኋላ ነው። አባት ስለ ልጁ፣ ሽማግሌ እርቅ ስላስቸገረው ሰው፣ መምህር ስለ ተማሪው ይለዋል፤ ከዚያ ወዲያ የሚጨመር የለም፣ ጉዳዩ ለመከራ ተላልፏል። ምሳሌው ጆሮ የሚይዘው በድምፁ ነው። «መከረ» እና «መከራ» አፍ ላይ ስለተቀራረቡ በኑሮም የተቀራረቡ ይመስለናል። ይህ መቀራረብ የድምፅ ብቻ ይሁን የሐሳብም ለማየት ነቀምቴ ጥሩ ቦታ ነው፤ ብዙው የከተማው ሰው በሁለት ቋንቋ ውሎ ያድራልና። በአፋን ኦሮሞ ምክር «ጎርሳ» ነው፣ መከራ ደግሞ «ረኪና»። ምሳሌው እንዳለ ቢሻገር ዜማው ይፈርስና ሐሳቡ ብቻውን ይቀራል፦ አንድ የሚመክር አለ፣ አንድ የማይሰማ አለ፣ የማይሰማውን ቅጣት ያስተምረዋል። ጥፋቱ በሙሉ የተጫነው በሰሚው ላይ ነው፤ መካሪው ምን ብሎ እንደመከረ የሚጠይቅ የለም። ይህን ሐሳብ ሥዕል መማር ላይ ልፈትነው እወዳለሁ። ሥዕል ለዚህ የሚመቸው ምክሩ ይሰማ አይሰማ በወረቀት ላይ ቁልጭ ብሎ ስለሚታይ ነው።

የቃሉን ሥር ብንከተል ምሳሌው ዘሎት ያለፈውን አንድ ዘመድ እናገኛለን። ም፣ ክ፣ ር በሚሉት ሦስት ፊደላት ላይ ምክርም፣ መከራም፣ ሙከራም ቆመዋል። በግእዝ «አመከረ» ማለት ፈተነ፣ ሞከረ ማለት ነው፤ «መከራ»ም ከቅጣትነቱ በፊት ፈተና ነው። ምሳሌያችን ከምክር ወደ መከራ በአንድ እርምጃ ሲሻገር መሐል የቆመውን ሙከራን ረስቶት ያልፋል። ሥዕል ለሚማር ሰው ግን ነገሩ ያለው እዚያ መሐል ነው። ምክር የሚሠራው ከሙከራ በኋላ ሲመጣና ወደ ሌላ ሙከራ ሲመራ ነው። ወደ እጅ ሊወርድ የማይችል ምክር ከሆነ «እምቢ» ያለው ምክሩ ራሱ እንጂ ተማሪው አይደለም።

በወለጋ ከተሞች ከነቀምቴ እስከ ጊምቢ፣ ከነጆ እስከ ደምቢ ዶሎ፣ ሥዕል የሚወድ ወጣት እጁን የሚያፍታታባቸው ሥራዎች የታወቁ ናቸው። የሱቅ ታፔላ ይጽፋል፣ የትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ ካርታና የሰውነት ክፍሎች ይሥላል፣ ከፎቶግራፍ ላይ በካሬ አሳድጎ የሙሽሮችን ወይም የተመራቂን ፊት በእርሳስ ያወጣል። የሥዕል ትምህርት ቤቱ ሩቅ ነው፤ አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. የመሠረቱት ትምህርት ቤት ያለው አዲስ አበባ ሲሆን ነቀምቴ ከዚያ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ስለዚህ አስተያየት ሰጪው ጎረቤት፣ ጓደኛና ደንበኛ ነው። ከእነዚህ አፍ የሚወጣው ደግሞ በአብዛኛው ከሦስቱ አንዱ ነው፦ «እጅህ ይባረክ»፣ «ይኼ ደግሞ ምን ይሆንልሃል?» ወይም «አይመስልም»። የመጀመሪያው ምርቃት ነው፣ ምርቃት ደግሞ ያበረታል እንጂ የትኛው መስመር እንደ ጠመመ አያሳይም። ሁለተኛው ስለ እንጀራ እንጂ ስለ ሥዕሉ አይናገርም። ከሦስቱ ለሠዓሊው ጥቅም የሚቀርበው፣ ሰው የሚፈራው ሦስተኛው ነው። «አይመስልም» ያለ ሰው ቢያንስ ሥዕሉን አይቶታል፣ ከሚያውቀው ፊት ጋርም አስተያይቶታል፣ ልዩነትም አግኝቷል። የጎደለው ልዩነቱ የት እንደሆነ መናገሩ ነው።

እንዲናገር የማይፈቅድለት ይሉኝታ ነው። አንድ ልጅ ሌሊቱን የለፋበትን ወረቀት ይዞ ሲቀርብ «ግራ ዐይኑ ወደ ላይ ወጥቷል» ማለት ልፋቱን ማንቋሸሽ ይመስላል፤ ስለዚህ እውነቱ በደፈናው ተሸፍኖ «ጎበዝ፣ በርታ» ይባላል። ይሉኝታን እዚህ ላይ መውቀስ አልፈልግም፤ ከሰው ጋር አብሮ ለመኖር የተሠራ ብልሃት ነው። ጉዳቱ ግን አለ። ልጁ ከዓመት በኋላም ዐይኖቹን እዚያው ከፍታ ላይ ያስቀምጣል፤ ያን ጊዜ ሰዎች «ተሰጥኦ የለውም» ይላሉ፣ ምሳሌውም ይጠቀስበታል። ልጁ ግን አንድም ቀን አልተመከረም። የሰው ዐይን ከራስ ቅል አናት እስከ አገጭ ካለው ቁመት ግማሹ ላይ እንደሚገኝ፣ ጀማሪ ደግሞ ግንባርና ጠጉር የሚናገሩት ነገር ስለሌላቸው አሳንሶ ዐይኖቹን ወደ ላይ እንደሚሰቅል፣ ይህን አንዲት ዓረፍተ ነገር የነገረው የለም።

ጠቃሚው ምክር ምን እንደሚመስል ለማየት አንዲት የቡና ሲኒ ትበቃለች። ነቀምቴ ስሟን በንግዱ ዓለም «ለቀምት» ለተባለው ቡና የሰጠች ከተማ ናትና ሲኒ የሌለበት ቤት ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል። ጀማሪ ረከቦት ላይ ያለች ሲኒ ሲሥል ሁለት ቦታ ይሳሳታል። አፏን ግራና ቀኝ እንደ ሰው ዐይን ያሾለዋል፤ ሥሯን ደግሞ በማስመሪያ እንደተሰመረ ቀጥ ያደርገዋል። ለምን? ረከቦቱ ጠፍጣፋ እንደሆነ ያውቃል፤ ጠፍጣፋ ነገር ላይ የተቀመጠ ነገር ሥሩ ቀጥ ያለ መሆን አለበት ብሎ እጁ ይደመድማል። ዐይኑ ያየውን ትቶ የሚያውቀውን ሣለ ማለት ነው። አሁን ሦስት መካሪዎች መጡ እንበል። አንዱ «አላማረም» አለ። ሁለተኛው «ልምምድ ያስፈልግሃል» አለ፤ ትክክል ነው፣ ግን ልጁ ያንኑ ስሕተት መቶ ጊዜ ቢለማመደው የሚያገኘው የጠነከረ ስሕተት ነው። ሦስተኛው «ሲኒዋን አንሣትና አፏን ከዐይንህ ትክክል አድርገህ ያዛት፤ ከዚያ ቀስ እያልክ ወደ መሬት አውርዳት፣ አፏ ምን እየሆነ ነው?» አለ። ልጁ አነሣት፤ አፏ ቀጭን መስመር ሆነ። ዝቅ ባለች ቁጥር መስመሩ እየተከፈተ፣ እየሰፋ፣ እግሩ ሥር ስትደርስ ሙሉ ክብ ሊሆን ቀረበ። ሥሯ ከአፏ ዝቅ ብሎ ስለሚገኝ ከአፏ የበለጠ መጉበጥ እንዳለበት ማንም ሳይነግረው ገባው። ሦስተኛው መካሪ የሰጠው ግማሽ ደቂቃ የሚፈጅ ሙከራ ነው፤ ከዚያ በኋላ ልጁ እምቢ የሚለው ነገር አልቀረም፣ በገዛ ዐይኑ አይቶታልና።

ይህ አካሄድ ከሌላ አገር የመጣ እንዳይመስለን። በቅኔ ቤት ተማሪው ከጫካ ዳር ተቀምጦ ቅኔ ይቆጥራል፤ የቆጠረውን ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ቤት የጎደለበትን፣ ምሥጢሩ ያልገጠመበትን ቦታ ነቅሰው ያርሙታል፤ በማግሥቱ ተማሪው ሌላ ይዞ ይመጣል። ምክሩ በየቀኑ ከሙከራ በኋላ ይመጣል፣ የሚናገረውም ስለዚያች አንዲት ቅኔ ነው። ነቀምቴም የራሷ ምስክር አላት። ኦነሲሞስ ነሲብ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ አፋን ኦሮሞ ሲመልስ አንድ ችግር ነበረበት፦ ገና ልጅ ሳለ ተይዞ ከአገሩ ተወስዷልና የቋንቋው ሀብት በሙሉ በእጁ አልነበረም። ያንን ክፍተት የሞላችለት አስቴር ጋኖ ናት። ቃላት አሰባስባለታለች፤ 500 ያህል ተረቶችን፣ እንቆቅልሾችን፣ ምሳሌዎችንና ዘፈኖችን ከቃሏ ጽፋለች፤ እ.ኤ.አ. በ1894 የወጣው የንባብ መጽሐፍም የሁለቱ ሥራ ነው። ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 ታተመ፤ በ1904 ነቀምቴ ገብተው ማስተማር ጀመሩ። የአስቴር እርዳታ በደፈናው «ጥሩ ተርጉመሃል» ከማለት ወይም «አልጣመኝም» ከማለት የተለየ ነው። የሚጎድለው ቃል የትኛው እንደሆነ ጆሮዋ ያውቅ ነበር፣ ቃሉንም ታመጣለት ነበር።

«ነቀምቴ ላይ ለሠዓሊ እንዲህ ያለ መካሪ ከየት ይመጣል? ሻምቡ፣ መንዲ፣ አርጆ ያለ ልጅስ ማንን ይጠይቃል?» የሚል ጥያቄ ይነሣል፤ ከባድ ጥያቄ ነው። መልሴ መካሪው ሠዓሊ መሆን የለበትም የሚል ነው፤ የተሣለውን ነገር የሚያውቅ ይሁን እንጂ። ጀበና ሣልክ? ዕለት በዕለት ቡና የምታፈላዋ እናት «በዚህ እጀታ ብትይዛት ትወድቃለች» ወይም «አንገቷ እንዲህ ከረዘመ ቡናው አይወርድም» ትላለች፤ ይህ ከብዙ የሥዕል ቃላት የበለጠ እርማት ነው። ቤት ሣልክ? ግንበኛ ቱንቢ ይዞ የሚሠራ ሰው ነው፤ ግድግዳህ ወዴት እንደዘመመ ከሩቅ ይነግርሃል። ቱንቢውን ራሱን መዋስም ይቻላል፤ ክርና ድንጋይ ነው፣ ከፊትህ ዘርግተህ በአንድ ዐይን ብታይበት የቆመ ሰው ራስ ከየትኛው እግሩ ትክክል እንዳለ ያሳይሃል። የትከሻ ቁልቁለትና የእጅጌ አገባብ ልብስ ሰፊ ያውቃል። ሥዕልህን ሲያዩ «እንዴት ነው?» ብለህ ከጠየቅህ ግን ሁሉም በይሉኝታ «ቆንጆ ነው» ይሉሃል። «ከሁለቱ ትከሻ የትኛው ዝቅ ይላል?» ብለህ ጠይቅ። እንዲህ ሲጠየቅ ሰው ለማሞገስም ለማዋረድም ቦታ አያገኝም፤ አይቶ ይመልሳል። አስተያየት የሚጠቅመው በሰጪው ዕውቀት ብቻ ሳይሆን በጠያቂው ጥያቄም ነው፤ ምሳሌው ተመካሪውን ዝም ብሎ የሚቀመጥ አድርጎ ስለሚያየው ይህን አይነግረንም።

ሌላው ተቃውሞ ከምሳሌው ወገን ነው፦ እልኸኛ ሰውስ የለም ወይ? አለ። እ.ኤ.አ. በ1882 ሄግ ከተማ ውስጥ ታዋቂው ሠዓሊ አንቶን ማውቨ ለዘመዱ ለቪንሰንት ቫን ጎኽ የጀሶ ቅርጾችን እያየ እንዲሥል መከረው። ቫን ጎኽ ተናደደ፣ ጀሶዎቹንም ሰባብሮ ከሰል መያዣው ውስጥ ጣላቸው። ከዚህ የበለጠ እምቢታ አይኖርም። ከአራት ዓመት በኋላ ግን ፓሪስ፣ በሠዓሊው ኮርሞን የሥዕል ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ያንኑ ጀሶ ሲሥል እናገኘዋለን። ምሳሌው «መከራ መከረው» ይል ይሆናል፤ ድህነትና ብቸኝነት በእርግጥ አልጎደሉበትም። እኔ የማየው ሌላ ነው። በእነዚያ አራት ዓመታት ገበሬዎችን፣ ሸማኔዎችን፣ እጆችንና ፊቶችን ሳይታክት ሥሏል፤ ጀሶ ምን እንደሚያስተምር የገባው እጁ ሊደርስበት ያልቻለውን ነገር በገዛ ሙከራው ስላገኘው ይመስለኛል። ምክሩ ትክክል ነበር፤ የመጣው ጥያቄው ሳይወለድ ነው። መካሪ ይህን ካወቀ «እምቢ አለኝ» ከማለቱ በፊት ትንሽ ይታገሣል።

መከራ መምህር ነው የሚለውን ራሱን ሳልነካ ማለፍ አልችልም። ወለጋ ባለፉት ዓመታት መከራን ከቅርብ ያወቀ አገር ነው፤ ቃሉ እዚያ እንደ ተረት አይነገርም። መከራ ብቻውን ቢያስተምር ኖሮ እስካሁን ስንት ሠዓሊ፣ ስንት ሊቅ በወጣ ነበር። መከራ ደብተር ያስጥላል፣ መንገድ ይዘጋል፣ እርሳስ የሚገዛበትን ብር ለዳቦ ያደርጋል። የሚያስተምረው ችግር ልጁ ራሱ የመረጠው፣ በአንድ ሉክ ወረቀት ስፋት የተወሰነና በላጲስ የሚጠፋ ችግር ነው። ጨካኝ አስተያየት ያጠነክራል የሚሉ ሰዎችም እነዚህን ሁለቱን የቀላቀሉ ይመስለኛል። ልጅን ማዋረድ ሥዕሉ ላይ አንዲት መስመር አያቃናም። በሌላ በኩል ምስጋናም ቦታውን ከጠራ እርማት ያህል ይሠራል፤ «የአፍንጫው ጥላ ጥሩ ወድቋል፣ ብርሃኑ ከየት እንደመጣ አወቅሁ» የተባለ ልጅ ነገ የሚደግመውን ያውቃል። ሥዕል ሁሉ መመሳሰል አይደለም፣ ገብረ ክርስቶስ ደስታ ከሚታየው ቅርጽ ርቆ ሥሏል ለሚለኝም መልሱ ያው ነው፦ እዚያም ቢሆን ተመልካች «ዐይኔ መጀመሪያ ያረፈው እዚህ ቀዩ ላይ ነው» ብሎ ቦታ ሊጠራ ይችላል፤ ሠዓሊው ያሰበው እዚያ እንደሆነ ያውቃል፣ ካልሆነም ያውቃል።

ነቀምቴ ላይ የኩምሳ ሞረዳ ቤተ መንግሥት ግቢ አለ። አንድ ተማሪ ከቤቶቹ አንዱን ዛሬ ቢሥል፣ ከወረቀቱ ጀርባ ቀኑንና አንድ ጥያቄ ቢጽፍ፦ «የጣሪያው ቁመት ከግድግዳው ጋር ሲተያይ ስንት እጅ ነው?»፤ እርሳሱን በተዘረጋ ክንዱ ይዞ ቢለካ፤ ከዚያ ቤቱን ዕለት ዕለት የሚያየውን ዘበኛ ወረቀቱን አሳይቶ «የትኛው በር ነው የተዛባብኝ?» ቢለው፤ በሳምንቱም የመጀመሪያውን ሳያይ ያንኑ ቤት ደግሞ ቢሥልና ሁለቱን ጎን ለጎን መሬት ላይ ቢዘረጋቸው፣ ዘበኛው ጎንበስ ብሎ በጣቱ የሚነካው ቦታ ይኖራል።