የተበደለችን ሚስት ስለ መስማት

አንባቢ ሆይ፥ አላህን ፍራ። አቡ ዳውድ እንደ ዘገቡት፥ ሐቢባ ቢንት ሰህል ባሏ ሣቢት መትቶ ከአካሏ በሰበራት ጊዜ ከሱብሒ በኋላ ወደ መልእክተኛው (ሰ.ዐ.ወ.) መጣች። እርሳቸውም ታገሺ ብለው አልመለሷትም፤ ባሏን አስጠርተው፥ ለመህር የሰጣትን ሁለት የአትክልት ቦታ ተቀብሎ እንዲለያት አዘዙት።

ዛሬ ግን ጎረቤት ጩኸት ሲሰማ በሩን ይዘጋል። ሽማግሌውም ቁስሏን ሳይጠይቅ፥ ሰብር አድርጊ ብሎ ወደ መቺዋ ይሸኛታል፤ ይህንንም ማስታረቅ ይለዋል!

አንተ ኢማም ወይም ቃዲ ብትሆን፥ ባሏ በሌለበት፥ ከእናቷ ወይም ከእኅቷ ጋር አስቀምጠህ ስማት። ቁስል ካለባት አስቀድመህ ወደ ሐኪም ላካት፤ በሰላም የምታድርበትንም ቤት ሳታገኝላት አታሰናብታት። በሱረቱ አን-ኒሳእ 35ኛው አንቀጽ የታዘዙት ሁለቱ ሸምጋዮች የሚቀመጡት ከዚህ በኋላ ነው።