የራሳችን ዘይት



በ2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል የእንግሊዝኛ ፈተና አስቀድሞ በኢንተርኔት ስለ ተሠራጨ ፈተናው በሙሉ ተሰረዘ። ያላየውም ተማሪ ካየው ጋር ዳግመኛ ለመፈተን ተገደደ። የአንዱ ስርቆት ለሁሉ ተረፈ።

እኛስ ንጹሓን ነን? የቤት ሥራችንን ከስልክ ገልብጠን ያስረከብንበት ቀን አለ። ማርኩን አገኘን፤ መምህሩ «አስረዱ» ሲሉን ግን አፋችን ተያዘ።

ዐሥሩን ደናግል እናስታውስ። አምስቱ መብራት እንጂ ዘይት አልያዙም ነበር። የተገለበጠ መልስም ዘይት የሌለው መብራት ነው። የፈተናው በር ሲዘጋ ከማን እንበደራለን?

ኢንተርኔት ኃጢአት ነው አንልም፤ መጽሐፍ ላጠረው ተማሪ በረከት ነው። ነገር ግን በጥር 23 በእንጅባራ ሜዳ የምናየው የአገው ፈረሰኛ ልጓሙን ከእጁ አይለቅም። እኛም አስቀድመን በራሳችን እንሞክር፤ ያቃተንን እንፈልግ፤ ያገኘነውን ከመማሪያ መጽሐፋችን ጋር እናመሳክር፤ ከዚያም ስልኩን ዘግተን በራሳችን ቃል እንጻፍ።

አምላካችን ማስተዋሉን ያድለን። ወስብሐት ለእግዚአብሔር። አሜን።